የአባቴ በገና፣ የአምፑ እምምታ፦ ዳክ ልግዛ ወይስ ይቅር?

1. የመንቆረር ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ነገሬ ረዘም ስለሚል ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

አባቴ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የያዙት አምፕሊፋየር አላቸው፤ ፊቱ ብርማ፣ የድምፅ መጨመሪያው የሲኒ አፍ የሚያህል። ከሁለት የእንጨት ስፒከሮች ጋር ሳሎን ተቀምጧል። ካሴቶቻቸው አርጅተው እንዳይጠፉብን ብዬ አምና በላፕቶፔ ገለበጥኳቸው። አንዱ በገና ነው። የአያቴ ወንድም በዐቢይ ጾም ቤታችን መጥተው ሲደረድሩ አባቴ በገዛ እጃቸው የቀዱት። ደርዳሪው ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ሌላ ቅጂም የለም።

አሁን ከላፕቶፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አምፑ ጀርባ ያለው ቀይና ነጭ ላይ ሰክቼ ስከፍተው ከበገናው ሥር "እምምምም" የሚል ነገር አለ። ማውሱን ሳንቀሳቅስ ደግሞ "ጢርርር" ይላል። አባቴ ሁለት ደቂቃ ሰምተው "ዝጋው ልጄ፣ ንብ ሰፍሮበታል" ብለው ተነሡ። ያ ቀን ከልቤ አልወጣም።

ዳክ የሚባል፣ ዲጂታሉን ከላፕቶፑ ውጭ ወደ ድምፅ ሞገድ የሚቀይር ትንሽ ሣጥን እንዳለ አነበብኩ። አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ በዩኤስቢ የሚሰካ አንድ አግኝቶልኛል። ዋጋው ለእኔ ቀላል አይደለም። ልግዛው?

2. ጣና ዳር ጥገና (ባሕር ዳር)

ወንድምዓለም፣ ገና ብር አታውጣ። የነገርከን አንድ ሳይሆን ሁለት የተለያየ ጫጫታ ነው፤ መድኃኒታቸውም አይገናኝም።

ጢርርታው ከላፕቶፑ ሆድ ነው። ውስጡ ያለችው የድምፅ ቺፕ ከፕሮሰሰሩና ከኃይል ማከፋፈያው ጋር እንደ ገበያ ቀን ተጠጋግታ ነው የምትኖረው። ማውሱን ባነቃነቅህ ቁጥር ፕሮሰሰሩ የሚስበው ኤሌክትሪክ ከፍ ዝቅ ይላል፤ እሱ ወደ ድምፁ መስመር ይሾልካል። ዳክ ለዚህ ይረዳል። ከላፕቶፑ የሚወጣው ቁጥር ብቻ ይሆንና ወደ ሞገድ የሚቀየረው ከዚያ ግርግር ርቆ ነው።

እምምታው ግን የመብራታችን ነው፤ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ) እና እጥፉ 100። ላፕቶፑ በቻርጀሩ፣ አምፑ በራሱ ገመድ ከመብራቱ ጋር ተያይዘዋል። በጃኩ ገመድ ደግሞ እርስ በርሳቸው ተያያዙ። ቀለበት ሆነ ማለት ነው። በቀለበቱ የምትዞረው ጥቂት ኤሌክትሪክ በጃኩ ገመድ የውጭ ሽፋን ስታልፍ አምፑ ሙዚቃ መስሎት አጉልቶ ያወጣታል። ግራውንድ ሉፕ የምንለው ይኸው ነው።

ልብ በል፤ የዩኤስቢ ገመድ ውስጥም የግራውንድ ሽቦ አለ። ስለዚህ የዩኤስቢ ዳክ ብትገዛ ጢርርታው ሊጠፋ፣ እምምታው ግን እዚያው ሊቀር ይችላል። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ በዚህ ተቃጥለዋል።

አሁን ተነሥና የላፕቶፑን ቻርጀር ከግድግዳው ንቀል። በባትሪ ብቻ ክፈተው። የሆነውን ንገረን።

3. የመንቆረር ልጅ

አያ፣ እግዜር ይስጥህ! ምንም ሳላጫውት ቻርጀሩን ስነቅለው እምምታው ቀጥ አለ። ስሰካው ተመልሶ መጣ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ ያው ነው። ጢርርታው ግን በባትሪም አልለቀቀኝም። ባትሪዬ ደግሞ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይደርስም፤ ካሴቱ የ60 ደቂቃ ነው።

4. ደጋ ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)

ወንድሜ፣ እኔ ከራሴ ልንገርህ። ከገዛህ አይቀር ትልቁን ግዛ። ዲጂታል ድምፅ እኮ ሞገዱን እንደ ደረጃ ቆራርጦ ነው የሚይዘው። 24 ቢትና 192 ኪሎ ኸርዝ የሚያነብ ጥሩ ዳክ ደረጃዎቹን እያሳነሰ ድምፁን ወደ ካሴቱ ልስላሴ ይመልስልሃል። እኔ ካስገባሁ ሁለት ዓመቴ ነው። የዋሽንቱ ትንፋሽ፣ የማሲንቆው ጭራ ጅማቱን ሲነካ፣ ሁሉም ፊቴ የተቀመጠ ያህል ነው የሚሰማኝ። በርካሹ ጀምረህ ሁለት ጊዜ ከምታወጣ አንዴ ተገላገል።

5. የቡሬ መምህር

ደጋ ዳሞት ወንድሜ፣ ለድምፅ ያለህን ፍቅር አከብራለሁ። የደረጃው ነገር ግን ልክ አይደለም። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ያለ አግባብ ብር ስለሚያወጣ ልግባበት።

ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲመጣ የተመረጠው ልኬት በሰከንድ 44,100 ጊዜ ነበር። ክሎድ ሻነን በ1949 ባሳተመው ጽሑፍ እንደተረጋገጠው፣ አንድን ሞገድ ከከፍተኛ ድግግሞሹ ከእጥፍ በላይ ከለካኸው ሞገዱን ሙሉ በሙሉ መልሰህ ማግኘት ትችላለህ። "በግምት" አላልኩም፤ ሙሉ በሙሉ ነው። የ44,100 ግማሽ 22,050 ነው። የሰው ጆሮ ደግሞ በልጅነት እንኳ ከ20,000 ኸርዝ እምብዛም አያልፍም። ከዳኩ የሚወጣው ሞገድ ደረጃ የለውም። መጨረሻ ላይ ያለው ማጣሪያ ነጥቦቹን ልሙጥ መስመር ያደርጋቸዋል። ይህን የሞገድን ቅርጽ በሚያሳይ መሣሪያ፣ በኦሲሎስኮፕ አይቼዋለሁ።

ቢቱ ደግሞ ከዝምታ እስከ ከፍተኛው ድምፅ ያለው ርቀት ነው። 16 ቢት ወደ 96 ዴሲቤል ይሰጣል። ያለ ዶልቢ (የካሴት ሽሽታ መቀነሻ) የተቀዳ ተራ ካሴት 60 እንኳ አይሞላም። የዚህን ልጅ በገና በ24 ቢት ብታጫውተው የካሴቱን "ሽሽሽ" የሚል ሽሽታ በበለጠ ጥራት መስማት ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቤት ዳክ በተለምዶ 2 ቮልት ያወጣል። የላፕቶፕ ጆሮ ማዳመጫ ብዙውን ጊዜ 1 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ነው። አምፑን ሳትነካ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትቀይር ድምፁ በ6 ዴሲቤል ያህል ከፍ ይላል። ጆሯችን ደግሞ ትንሽ ከፍ ያለውን "ጠራ፣ ተከፈተ" ብሎ ነው የሚፈርደው። ድምፃቸውን እኩል ሳናደርግ ብናወዳድር ፍርዳችን ዋጋ የለውም። እስቲ እኩል አድርገህ፣ ልጆችህ የትኛው እንደሆነ ሳይነግሩህ እየቀያየሩልህ ሞክረው።

6. ጮቄ ሥር (ደብረ ማርቆስ)

መምህር፣ ስልክ ላይ የምትሰካዋ አጭር የጆሮ ማዳመጫ ገመድስ? ውስጧ ዳክ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?

7. የቡሬ መምህር

እውነት ነው። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የሌለው ስልክ በታይፕ ሲው ቁጥር ብቻ ሲያወጣ፣ ያች የጣት ርዝመት ያላት ገመድ ራሷ ዳክ ናት። ሁሉም ስልክ ግን እንደዚያ አይደለም፤ አንዳንዱ ሞገዱን ራሱ ሠርቶ በዚያው ቀዳዳ ያወጣና ገመዷ ማስተላለፊያ ብቻ ትሆናለች። ስለዚህ ስትገዙ ዳክ ያለባት መሆኗን ጠይቁ። አፕል የሚሸጣት ስትወጣ 9 ዶላር ነበረች፤ ልኬቷ ከብዙ ትልልቅ ሣጥኖች አያንስም። ስልኩ ቻርጀር ላይ ካልሆነ ከመብራቱ ጋር ስለማይገናኝ ቀለበቱም የለም። የመንቆረር ልጅ፣ ከጎረቤት ተውሰህ በዚህ ብትጀምር ጥሩ ነው።

8. የሞጣ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። የመንቆረር ልጅ፣ ወንድሜ፣ የእኔም ችግር አንድ ዓይነት ነበር፤ የፈታልኝ ኦፕቲካል ነው። ቤታችሁ ካሉት ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች የአንዱን ጀርባ እየው። አራት ማዕዘን የምትመስል፣ ትንሽ ክዳን ያላት ቀዳዳ ካለችው ተፈታልህ። ቶሺባ በ1983 ያወጣው መስመር ነው፤ በገመዱ የሚሄደው ብርሃን ብቻ ነው። ብርሃን ደግሞ ግራውንድ አያያይዝም። ቴሌቪዥኑ፣ ሪሲቨሩ፣ ላፕቶፑ እንደፈለጉ ከመብራት ጋር ይያያዙ፤ ወደ አምፑ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ የለም።

ኦፕቲካል የሚቀበል ትንሽ ዳክ ትገዛለህ፤ ከብዙዎቹ የዩኤስቢ ዳኮች ይረክሳል። ላፕቶፕህን በኤችዲኤምአይ ከቴሌቪዥኑ ጋር ታገናኘዋለህ፤ ካልሆነም ፋይሉን በፍላሽ ታስገባለህ። ከቴሌቪዥኑ በኦፕቲካል ወደ ዳኩ፣ ከዳኩ በቀይና ነጭ ወደ አምፑ።

ሦስት ነገር ግን አስለቅሶኛል፤ አንተ እንዳትለፋ። የገመዱ ጫፎች ላይ እንደ መርፌ ክዳን ያለች ብርሃን የምታሳልፍ ፕላስቲክ አለች፤ እሷን አውጣ። ሳላወጣ ማታውን ሙሉ ስታገል አድሬያለሁ። ስታወጣት ከሌላው ጫፍ ቀይ ብርሃን ታያለህ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ ገብተህ የዲጂታል ድምፅ መውጫውን "ፒሲኤም" (ያልታመቀ ድምፅ) አድርገው። ዶልቢ (የታመቀው ዓይነት) ላይ ከቀረ ትንሹ ዳክ አይገባውም፤ ወይ ዝም ይላል ወይ እንደ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ይንጫጫል። ገመዱንም አታጥፈው፤ ውስጡ ያለው ክር ይሰበራል።

መብራት በጠፋ ጊዜ ዳኩን በፓወር ባንክ ነው የማሠራው፤ 5 ቮልት ስለሆነ ይበቃዋል። አንዳንድ ፓወር ባንክ ግን የሚሳበው ኃይል ሲያንስበት ራሱን ይዘጋል፤ ስለዚህ ሞክረህ ያዝ።

9. ጣና ዳር ጥገና

እህቴ የሞጣ ልጅ ጨረሰችው። እኔ የምጨምረው የአምፑን ጀርባ ብቻ ነው። የዳኩን ቀይና ነጭ ኤዩኤክስ፣ ሲዲ ወይም ቴፕ ኢን በተጻፈበት ስካ። ፎኖ በተጻፈበት በፍጹም! እሱ ለሸክላ ማጫወቻ ነው። የሸክላ መርፌ የምታወጣው በጣም ጥቂት ስለሆነ እዚያ ውስጥ ኃይለኛ ማጉያ አለ፤ ወፍራሙንም ድምፅ ሆን ብሎ ያሳብጠዋል። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው "ስፒከሬ ተቀደደ" ብሎ አመጣልኝ። ስፒከሩ ደህና ነበር፤ ዳኩን ፎኖ ላይ ሰክቶት ነው።

የላፕቶፑን ድምፅ መቶ በመቶ አድርገህ ከፍ ዝቁን በአምፑ ብቻ አድርግ። መብራት ከሄደ ደግሞ የአምፑን ማብሪያ ወዲያው አጥፋው። ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ስፒከርን "ዱም" አድርጎ ይመታል፤ የእንጨቶቹ ስፒከሮች ወፍራም ክፍል አንዴ ከሄደ እዚህ አገር ተመሳሳይ አታገኝለትም። ስታብላይዘር ካለህ አምፑን በእሱ በኩል አሠራው።

10. ደጋ ዳሞት

መምህር እንዳልከው አደረግኩ። የድምፁን ከፍታ በስልክ መለኪያ እኩል አድርጌ ልጄ እየቀያየረችልኝ ሃያ ጊዜ ሰማሁ። ከላፕቶፑ ራሱ ጋር ሳወዳድረው ዳኩን በየጊዜው ለየሁት፤ ላፕቶፑ ጸጥ ባለ ቦታ "ሽሽሽ" ይላል። ከትንሿ የስልክ ገመድ ጋር ግን መለየት አልቻልኩም፤ ግማሹን ነው ያገኘሁት። ስለዚህ የመንቆረር ልጅ፣ "ትልቁን ግዛ" ያልኩትን ተው። ዋሽንቱ ፊቴ የተቀመጠ የሚመስለኝ ስፒከሮቹን ከግድግዳው ካራቅኳቸውና መሬቱ ላይ ምንጣፍ ካነጠፍኩ በኋላ ነው፤ አሁን ሳስበው ዳኩን የገዛሁትም በዚያው ወር ነበር።

11. የመንቆረር ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የዩኤስቢውን ትቼ ኦፕቲካሉን አስላክሁ፤ የክብሪት ሣጥን ሁለት ቢደራረብ የሚያህል ነው። ክዳኖቹን አወጣሁ፣ ቀዩን ብርሃን አየሁት፣ ፒሲኤም አደረግኩ፣ ኤዩኤክስ ላይ ሰካሁ። ዜና ከፈትኩ፦ ጥርት ያለ ነው። ማውስ ባነቃንቅ፣ ቻርጀር ብሰካ፣ ምንም የለም።

በገናውን ግን ስከፍት እምምታው አለ! ከበፊቱ ቀንሷል፤ ግን አለ። ልቤ ወረደ። ምን አጎደልኩ?

12. የቡሬ መምህር

ፋይሉን አቁመው እንጂ አምፑን አታጥፋ። ባለበት ድምፅ ላይ ፖዝ በልና አዳምጥ። ፖዝ ስትል እምምታው ከቀጠለ መስመርህ ውስጥ ነው። አብሮ ከቆመ ፋይሉ ውስጥ ነው።

13. የመንቆረር ልጅ

አብሮ ቆመ። አሁን ገባኝ። አምና ስገለብጠው ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ነበር። ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ላፕቶፑ ማይክ ነው የሰካሁት። እምምታውን እኔው ራሴ አብሬ ቀድቼዋለሁ ማለት ነው።

14. ጣና ዳር ጥገና

አይዞህ፣ ካሴቱ እስካለ ድረስ የጠፋ ነገር የለም። ዳኩም በከንቱ አልገባም፤ መስመሩ ባይጠራ ኖሮ ችግሩ ፋይሉ ውስጥ መሆኑን መቼም አታውቀውም ነበር።

እንደገና ትገለብጠዋለህ፤ አሁን ግን በሥርዓቱ። የላፕቶፕ ማይክ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ሞኖ ነው፣ ግራና ቀኙን አይለይም፤ የራሱም ሽሽታ አለው። ላይን ኢን (ከቴፕ የሚመጣ ድምፅ መቀበያ ቀዳዳ) ያላት የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ አለችኝ፤ ነገ ጠዋት ከመናኸሪያ በሚነሣው መኪና እልክልሃለሁ። ከቴፑ ላይን አውት ወደ እሷ ስካ፤ ጆሮ ማዳመጫውን ተወው።

መጀመሪያ የቴፑን ሄድ፣ ማለትም ፊልሙን የሚያነበውን ክፍል፣ በጥጥና በንጹሕ አልኮል ጥረገው። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ከመጣ ድምፁን ሲያፍን የኖረው እሱ ነው፤ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድገመው። ካሴቱን እስከ መጨረሻ አስሂደህ አንዴ መልሰው፤ ተጣብቆ የቆየ ፊልም ይላቀቃል። ከዚያ ሌላ፣ የማትሳሳለት ካሴት ክተትና ከሄዱ ጎን በስፕሪንግ የተያዘችውን ብሎን አግኛት። በገናው የተቀዳበት ቴፕና የአሁኑ ሄዳቸው በፀጉር ያህል ከተዛባ ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ ይታፈናል። ብሎኗን መልመድህን ስታውቅ በገናውን ክተት፤ በጥቂት በጥቂቱ አዙርና ድምፁ በጣም የሚከፈትበት ቦታ ላይ ተዋት። ይህችን አምስት ደቂቃ አትዝለላት። ከየትኛውም ዳክ ይልቅ የምትጠቅመው እሷ ናት።

አንዱን ገጽ ስትቀዳ ቻርጀሩ ይነቀል። የ60 ካሴት አንድ ገጽ 30 ደቂቃ ነው፤ ባትሪህ ካልቻለ የጓደኛ ላፕቶፕ ተዋስ። 44,100 በ16 ቢት ይበቃል፤ 60 ደቂቃው 635 ሜጋ ባይት ያህል ይሆናል። በኤምፒ3 አታስቀምጠው፤ ድምፁን ሳይጎዳ ወደሚያሳንሰው ፍላክ ቀይረው። ሁለት ቦታ አስቀምጥ።

15. የዲማ ተማሪ (ቢቸና አካባቢ)

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ አንድ ነገር ግን ሳልናገር ብቀር አይሆንልኝም። ድምፅ ማጽጃ ሶፍትዌር የሚሉት ነገር አለ፤ ሽሽታውን እንቅጭ አድርጎ ይቆርጠዋል። በገና ላይ አትጠቀሙበት።

ደርዳሪ ሰዎች ያውቁታል፦ በ10ሩ አውታሮች ሥር እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። አውታሩ ሲመታ እየነካካት ያ "ዝዝዝ" የሚለው ንዝረት ይወጣል። እንዚራውን ብታወጣው በገናው ይደክማል፤ የሌላ መሣሪያ ድምፅ ይሆናል። ማሽን ግን ያን ንዝረት ከጫጫታ አይለየውም። አንድ ወንድማችን ሽሽታ ላጥፋ ብሎ እንዚራውን አብሮ አጠፋው፤ የቀረው ጎማ የሚመታ የሚመስል ነው። ደግሞ አንዳንዱ ሰው ንዝረቱን ሲሰማ "ስፒከሩ ተበላሽቷል" ብሎ ጥገና ይወስዳል። ጣና ዳር ይመስክርልኝ።

ሽሽታው ይኑር። ጆሮ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይለምደዋል።

16. ጣና ዳር ጥገና

እመሰክራለሁ። ሁለት ሰው መጥቶልኝ ያውቃል።

17. የመንቆረር ልጅ

ዘግይቼ መጣሁ። ሳውንድ ካርዷ ደርሳኛለች። ጥጡ መጀመሪያ ቡናማ፣ አራተኛው ላይ ነጭ ሆነ። ብሎኗን ለማስተካከል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሩብ ዙር እንኳ ሳትሞላ ድምፁ መጋረጃ እንደተነሣለት ሆነ። የጓደኛ ላፕቶፕ ተውሼ፣ ቻርጀር ነቅዬ፣ ሁለቱንም ገጽ ቀዳሁ።

ቅዳሜ ማታ አባቴን ጠራኋቸው። ምንም አልነገርኳቸውም፤ በቴሌቪዥኑ፣ በትንሿ ሣጥን፣ በራሳቸው አምፕ ከፈትኩላቸው። እንዚራው ከስፒከሩ ሲወጣ እጃቸውን ከጋቢያቸው አወጡ። አንዱ መዝሙር አልቆ ሌላው ሳይጀመር መቃኛው ሲጠመዘዝ "ጭርጭ" ይላል፤ ከዚያ ደርዳሪው ቀስ ብለው "ተይዟል?" ብለው ይጠይቃሉ። የአምናው ፋይል ላይ ይህ ቃል በእምምታው ተውጦ ኖሯል፤ ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ ከማይኩ አጠገብ የአንድ ጎረምሳ ድምፅ "አዎን አባባ" ይላል።

አባቴ "እኔ ነኝ" አሉ። "መልሰው" አሉኝ። አራት ጊዜ መለስኩት።

አያ ጣና ዳር፣ ሳውንድ ካርዷን በየትኛው መኪና ልመልስልህ?

18. ጣና ዳር ጥገና

ስንት ካሴት ቀረህ?

19. የመንቆረር ልጅ

አሥራ አንድ።

20. ጣና ዳር ጥገና

እንግዲያው እሷን አንተው ዘንድ አቆያት። ሄዱን በየሦስት ካሴቱ ጥረግ።